የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባለስሙ ይምጣ ወይስ ምክትሉ ይቀጥል?

ጤና ይስጥልን ወገኖች። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሰልጣኝ ናቸው። ሀዋሳ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ብትሳፈሩም፣ ሐይቅ ዳር ዓሳ ልትበሉ ብትቀመጡም ወሬው ያው ነው፤ ማን ይሰናበት፣ ማን ይምጣ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ታገሱኝ።

«ሶስት እጩ አለን፣ እንቅልፍ ግን የለኝም»

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። በታችኛው ሊግ የሚጫወት ክለብ ውስጥ የቦርድ አባል ነኝ። ደመወዝ የለኝም፣ ለኳስ ካለኝ ፍቅር ነው የምሰራው። ዘንድሮ ነገራችን ተበላሽቷል። ከ11 ጨዋታ ያሸነፍነው 2 ብቻ ነው፣ 7 ተሸንፈናል። አሰልጣኙን ባለፈው ሳምንት አሰናበትን። አሁን ሶስት እጩ አለን። አንደኛው ፕሪሚየር ሊግ ላይ ያሰለጠነ፣ ስሙ የታወቀ ነው። የሚጠይቀው ደመወዝ ከፍ ያለ ነው፣ ምክትሉንና አምስት ተጫዋች ይዤ ነው የምመጣው ይላል። ሁለተኛው የራሳችን ምክትል አሰልጣኝ ነው፣ 4 ዓመት አብሮን ቆይቷል። ሶስተኛው ታዳጊዎችን በማሰልጠን የተመሰገነ ወጣት ነው። ቦርዱም ደጋፊውም ባለስሙን ይፈልጋሉ። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ልብህ አለመቁረጡ ልክ ነው። «ማን» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚያን 7 ጨዋታዎች እንዴት ነው የተሸነፋችሁት? ቦርዱ ቁጭ ብሎ አይቷቸዋል? ጎል የሚገባባችሁ በስንተኛው ደቂቃ ነው? ከኮርና ነው? ከመልሶ ማጥቃት ነው? መጀመሪያ አግብታችሁ ነው የምትሸነፉት ወይስ ገና ከጅምሩ ነው የሚመሯችሁ? ይሄን ሳታውቁ አሰልጣኝ መፈለግ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የሚፈርስ ቡድን የአካል ብቃት ችግር ሊኖርበት ይችላል። ወይም ደግሞ ተጫዋቹ ደመወዝ ካየ ሶስት ወር አልፎታል፣ የቤት ኪራይ እያሰበ ነው የሚሮጠው። ችግራችሁ ይሄ ከሆነ ማንንም ብታመጡ አይፈውሳችሁም። ለአዲሱ አሰልጣኝ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ለልጆቹ ክፈሉ።

ይሄን የምልህ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው ክለብ ቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። በአንድ የውድድር ዘመን ሶስት አሰልጣኝ ቀያየርን። አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ፣ ሶስቱም ያሰለፉት ያንኑ በረኛ፣ ያንኑ የመሀል ተከላካይ፣ ያንኑ ጉልበቱ የታመመ አጥቂ ነበር። ለተሰናበቱት የውል ቀሪ ከፈልን፣ ለአዲሶቹ የፊርማ ከፈልን፣ ለተጫዋቾቹ የምንከፍለው አጣን። ወረድን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን መውረዳችን አይደለም። ያን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተሰብስበን የተሸነፍንበትን ጨዋታ ደግመን አላየንም። ስብሰባችን ሁሉ ስለ ሰው ነበር።

«አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ እኮ ቡድን ይነቃል» ትለኝ ይሆናል። ይነቃል፣ እውነት ነው። ግን ለምን እንደሚነቃ እንይ። ባስ ቴር ዊል የሚባል የኔዘርላንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ የሀገሩን ትልቁን ሊግ በፈረንጆቹ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን አጥንቷል። ያየው አሰልጣኝ ያባረሩትን ክለቦች ብቻ አይደለም። ልክ እንደነሱ ተከታታይ ሽንፈት ደርሶባቸው አሰልጣኛቸውን ያቆዩትንም አየ። ሁለቱም ወገን ተሻሻለ። ያባረሩት ካላባረሩት አልበለጡም። ነገሩ ይገባል፤ አምስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ብዙ ጊዜ ከራሱ አቅም በታች የወረደ ቡድን ነው። የተጎዳው ይድናል፣ ከባድ ተጋጣሚዎች ያልፋሉ፣ የጎሉን ቋሚ ይመታ የነበረው ኳስ መረብ ውስጥ መግባት ይጀምራል። አዲሱ ሰውዬ በዚያ ሰዓት ላይ ስለተገኘ ምስጋናው ለሱ ይሆናል።

ይሄን ስል ግን አሰልጣኝ ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌን ተመልከት። በኛ አቆጣጠር በ2010 ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታን። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን። ሶስት ክለብ፣ ሶስት የተለያየ ስብስብ። እንዲህ ያለ ሰው የሄደበት ሁሉ ይዞት የሚሄድ አሰራር አለው። የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ ግን አለ። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሳ በአራት ዓመቱ፣ በ2014 ከሊጉ ወረደ። ጥሩ አሰልጣኝ ሲሄድ ክለቡ ውስጥ ምን ይቀራል? ቦርዳችሁ ይሄን ጥያቄ ቢነጋገርበት ደስ ይለኛል።

ስም ያለው ሰው ደግሞ ከማይገጥመው ቡድን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በቅርቡ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። አሰልጣኝ አንጌ ፖስቴኮግሉ ግንቦት 2017 ላይ ለእንግሊዙ ክለብ ቶተንሃም የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አሸንፎ ሰጠ። በሊጉ ግን 17ኛ ስለጨረሰ በ16 ቀኑ ተሰናበተ። ጳጉሜ ላይ ኖቲንግሃም ፎረስት ቀጠረው። ፎረስት ደግሞ በፊተኛው አሰልጣኝ በኑኖ ጊዜ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ኳስ ነጥቆ፣ በፍጥነት በመውጣት 7ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነው። ፖስቴኮግሉ ተከላካዮቹን እስከ መሀል ሜዳ አውጥቶ ማጥቃት የሚወድ ሰው ነው። 39 ቀን ቆየ። 8 ጨዋታ፣ አንድም ድል የለም። ሰውዬው በሶስት ወር ውስጥ ኳስ አልረሳም። ተጫዋቾቹም አልሰነፉም። የማይገጥሙ ተገጣጠሙ፣ በቃ።

የናንተም ልጆች ምን እንደሚችሉ ነው መጀመሪያ መታወቅ ያለበት። ሁለት ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ካላችሁና መሀል ላይ ኳስ የሚያቆይ ከሌላችሁ፣ «ከኋላ መስርተን፣ ከተከላካዮቹ ጀምረን በቅብብል እንጫወታለን» የሚል አሰልጣኝ አትቅጠሩ። የፈለገ ስም ይኑረው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? ልምምዱን ሂዱና እዩ። በአካል። ሲቪ አይበቃም፣ የሚያውቀው ሰው ምስክርነትም አይበቃም።

አንድ ጊዜ ታቦር ተራራ ስር ካለ ሜዳ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተገኝቼ የአንድ አሰልጣኝ ልምምድ አየሁ። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ምናምን ተጫዋች፣ ሰባት ኳስ፣ ሁለቱ አየር የጎደላቸው። ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አጥሩ ላይ ቆመዋል። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋና ሁሉንም ባሉበት አቆመ። አልጮኸም። ወደ ግራ መስመር ተከላካዩ ሄደ፣ ታኬታው የተሰፋ፣ የ18 ወይ የ19 ዓመት ልጅ ነው። «ኳሱ የት ነው?» አለው። ልጁ አሳየው። «ያንተ ሰውስ?» ልጁ ዞር ብሎ ፈለገው፣ ከጀርባው ነበር። አሰልጣኙ ትከሻውን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስጠጋውና ሰውነቱን ትንሽ ወደ ጎን አዞረው። «አሁንስ?» «ሁለቱንም አያለሁ።» «እዚህ ቁም።» እና ጨዋታው ቀጠለ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ያው ኳስ በዚያው መስመር መጣ፣ ልጁ ማንም ሳይነግረው ሁለቱን እርምጃ ሄዶ ኳሷን አወጣት። አሰልጣኙ ከሩቅ አውራ ጣቱን አነሳለት። እኔ ያን ቀን ያየሁትን በሃያ ገጽ ሲቪ ላይ አላገኘውም።

ለናንተም እንዲህ አድርጉ ነው የምለው። ለሶስቱም እጩዎች የመጨረሻ ሶስት ጨዋታዎቻችሁን ቪዲዮ ስጧቸው። ጥራት ያለው ካሜራ ከሌላችሁ ደጋፊ በስልክ የቀረጸውም ይሆናል። ሁለት ቀን ይዩት። ከዚያ ጠርታችሁ «ምን አየህ?» በሏቸው። «ተጫዋቾቹ ፍላጎት የላቸውም፣ መንፈሳቸውን አነሳሳለሁ» ብቻ የሚላችሁን አመስግናችሁ ሸኙት። «6 ቁጥራችሁ፣ ከተከላካዮቹ ፊት የሚጫወተው አማካይ፣ ከሁለቱ የመሀል ተከላካዮች በጣም ይርቃል፣ ጎሎቹ የገቡት በዚያ ቀዳዳ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ይሄን እሰራለሁ» የሚላችሁን ግን ሻይ ጋብዛችሁ አቆዩት። የአሰልጣኝነት ላይሰንሱን (ፈቃዱን) ጉዳይ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ተስማምታችሁ ካበቃችሁ በኋላ «የሊጉን መስፈርት አያሟላም» መባል ያሳፍራል።

አሁን ስለ አምስቱ ተጫዋቾች። ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በጣም ያሰጋኛል። ጥያቄው «ለምን አምስት?» ነው። የናንተን ልጆች ገና ሳያይ የትኛው ቦታ እንደጎደለ እንዴት አወቀ? ለነዚያ አምስት ልጆች ፊርማ የሚከፈለው ለማን ነው፣ በማን በኩል? አሰልጣኙ በአራት ወሩ ቢሄድ አምስቱ የሁለት ዓመት ውል ይዘው እናንተ ጋ ይቀራሉ። መልበሻ ክፍሉም ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ «የሱ ልጆች» እና «የድሮዎቹ»። ባለስሙ ምክትሉን ብቻ ይዞ፣ ባሉት ልጆች ለመስራት፣ ተጫዋች ሲያስፈልግም ከቴክኒክ ኮሚቴ ጋር ተስማምቶ ለማምጣት ፈቃደኛ ከሆነ በደስታ አነጋግሩት። አይሆንም ካለ ይለፋችሁ።

ምክትላችሁን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «ከተሰናበተው አሰልጣኝ ጋር በምን በምን አልተስማማህም ነበር?» በሁሉም እስማማ ነበር ካለ ያው ነገር ነው የሚቀጥለው። የቀድሞ አለቃውን እያንኳሰሰ ሁሉንም ጥፋት ወደሱ ከወረወረ ነገ እናንተንም እንደዚያው ያደርጋችኋል። «ልምምዱ ይበዛ ነበር፣ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን በሌላ ምክንያት አልተቀበለኝም» ብሎ በአክብሮትና በዝርዝር የሚነግራችሁ ከሆነ ያ ሰው ሲያስብ ነው የከረመው ማለት ነው።

ወጣቱን ደግሞ ቢያንስ ከእጃችሁ አታውጡት። ይቺ ከተማ ልጅ የማፍራት ችግር የለባትም። ሀዋሳ ከተማ ክለብ በ1996 እና በ1999 ሊጉን ሲያሸንፍ የነበረውን ስሜት ያየ ያውቃል። ጥር 2005 ላይ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ በረኛችን በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው እየተጫወትን፣ ሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አማካይ የነበረው ሽመልስ በቀለም እንደዚሁ። ታዳጊ የሚያውቅ አሰልጣኝ ከዋናው ቡድን አጠገብ ካለ ሁለት ሦስት ልጅ ያለ ምንም የፊርማ ገንዘብ ማሳደግ ይቻላል።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው። ሶስቱንም በአንድ ፈተና ፈትኑ። ምክትሉ ካለፈ እስከ ዘመኑ መጨረሻ እሱ ይያዝ፣ በጽሁፍ፣ በዋና አሰልጣኝ ደመወዝ። ወጣቱ ምክትል ይሁነው። የተረፈው ገንዘብ ለተጫዋቾች ደመወዝ ይግባ። ደጋፊው ቅር ይለዋል፣ አውቃለሁ። የደጋፊ ማህበሩን መሪዎች ጥሩና ቪዲዮውን አብራችሁ እዩት፣ ለምን እንደወሰናችሁ ንገሯቸው። የኛ ደጋፊ ሲነገረው ይሰማል፣ የሚያናድደው ሲደበቅበት ነው።

«ለፈርጉሰን ታገሱት አይደል?»

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ። ፈርጉሰንን ማንቸስተር ዩናይትድ ባይታገሰው ኖሮ ያን ሁሉ ዋንጫ አያገኝም ነበር። እኛ ሀገር ለምን አሰልጣኝ አይታገሱም?»

ወንድሜ፣ በሀሳብህ እስማማለሁ፣ ምሳሌውን ግን እስከ ጫፉ እንውሰደው። ፈርጉሰን በኛ አቆጣጠር በ1979 ጥቅምት ላይ ሲቀጠር ዩናይትድ ከ22 ክለብ 21ኛ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ግንቦት 1982 ነው። ሶስት ዓመት ተኩል ጠበቁት። ግን ማንን ነበር የጠበቁት? አበርዲንን ይዞ ሬንጀርስንና ሴልቲክን እየበለጠ ሶስት ጊዜ የስኮትላንድን ሊግ ያሸነፈ፣ በአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድን ያሸነፈ ሰው ነው። ዩናይትድ ውስጥም ውጤቱ ሳይመጣ በፊት የታዳጊዎቹን ሥራ ከስር ነበር የቀየረው። ይሄ ለቦርዱ ይታይ ነበር። ስለዚህ ትዕግስት ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ልምምዱ ሲሻሻል፣ ልጆች ሲያድጉ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም ምን ሊሰራ እንደፈለገ ሲታወቅ፣ ያኔ ታገሱት። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ ልጆቹንም መበደል ነው።

«ወንድሞቼ የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ ይላሉ»

«ቤታችን ውስጥ ሁሉም ኳስ ወዳድ ነው። ወንድሞቼ ለክለባችን የሚያዋጣው ፈረንጅ አሰልጣኝ ነው እያሉ ይከራከሩኛል። እኔ አልመሰለኝም። አንተስ?» (እህት፣ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር)

እህቴ፣ ከየት መጣ የሚለው ለኔ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ክለቡ አቅም አለው ወይ የሚለው ነው። በእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ነው ያለው። ግማሹ በአስተርጓሚ ካለቀ ምን ይቀራል? ገንዘቡም አለ። የውጭ አሰልጣኝ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈለው፣ በጽሁፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ ውሉን አቋርጦ ፊፋ ዘንድ መክሰስ ይችላል። ክለቡ ተፈርዶበት ካልከፈለ ደግሞ እስከ ሶስት የዝውውር መስኮት ተጫዋች ከማስመዝገብ ሊታገድ ይችላል። ለራሱ ተጫዋቾች በወቅቱ መክፈል ያቃተው ክለብ እዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ወንድሞችሽን ይሄን ንገሪያቸው፣ ክርክሩን ታሸንፊያለሽ።

«ጊዜያዊ ተብዬ ተሾምኩ»

«ምክትል አሰልጣኝ ነበርኩ። ዋናው ሲሰናበት በስልክ ተደውሎ "ለጊዜው አንተ ያዘው" ተባልኩ። ወረቀት የለም፣ የደመወዝ ጭማሪ የለም። ባለፈው ቅዳሜ 3 ለ 0 ተሸነፍን፣ ከሶስቱ ሁለቱ ከኮርና ነው የገቡት። ተጫዋቾቹ ድሮ እንደ ወንድም ነበር የሚያዩኝ፣ አሁን ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ልተወው ወይስ ልታገል?»

ታገል ወንድሜ፣ ግን በባዶ እጅህ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ጽህፈት ቤት ሂድና ሁለት መስመርም ብትሆን ደብዳቤ ጠይቅ። ከመቼ እስከ መቼ ነው የምትይዘው? በስንት ብር? ሲያልቅ ወደ ምክትልነትህ ትመለሳለህ ወይስ አብረህ ትሰናበታለህ? አሰላለፉን የሚወስነው ማነው? ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙ ጎበዝ ምክትሎች በዚህች «ለጊዜው» በምትባል ቃል ተበልተዋል፤ ሲያሸንፉ ሌላ ዋና አሰልጣኝ መጣባቸው፣ ሲሸነፉ ከዋናው ጋር ተባረሩ።

ተጫዋቾቹ የራቁህ ጠልተውህ አይመስለኝም። ትናንት ቅሬታቸውን ለዋናው አሰልጣኝ የምታደርስላቸው አንተ ነበርክ፣ ዛሬ ማን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የምትወስነው አንተ ነህ። ግራ ገብቷቸዋል። ሰብስበህ በግልጽ ንገራቸው፤ የምትወስነውን ምክንያቱን ፊት ለፊት እንደምትነግራቸው፣ ከጀርባ ምንም እንደማትሰራ። ከዚያም ቃልህን ጠብቅ። ከአምበሉ ሌላ አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች መርጠህ ቀድሞ ያንተ የነበረውን ሥራ፣ የልጆቹን ቅሬታ መስማቱን፣ ለሱ ስጠው።

በዚህ ሳምንት ሁሉንም ነገር ለመቀየር አትሞክር። አራት ልምምድ ነው ያለህ። ኮርናውን ብቻ ያዝ፤ ማን የፊተኛውን ቋሚ ይይዛል፣ ማን የነሱን ረጅም ልጅ ይከተላል፣ በረኛው መቼ ይወጣል። በየቀኑ 20 ደቂቃ። አንድ ነገር ሲስተካከል ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።

በረኛህን ደግሞ ነገ ከልምምድ በፊት ለብቻው አናግረው። 3 ጎል የገባበት ልጅ ነው፣ ከቅዳሜ ወዲህ አይዞህ ያለው ሰው ላይኖር ይችላል። አጠገቡ ተቀመጥ፣ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው፣ ከዚያ ጓንቱን ሲያጠልቅ አብረኸው ወደ ሜዳ ግባ።